«ቀን 7፡00» ያለው ማኅተም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝና ኬክ አስቆረሱኝ። ዕድሜዋን ለስኳር በሽተኞች መድኃኒት ስታድል የኖረችን ሴት በኬክ መሸኘት የማን ሐሳብ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ተነሥቶ ከወረቀት አነበበ፦ «እህታችን አልማዝ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ፈጣንና ቀልጣፋ አገልግሎት በመስጠት ለወጣቱ አርአያ የሆነች...» ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ አመሰገንኩ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ወንበር ላይ ስወረውረው ግን ንዴቴ እንባ ሆኖ ወጣ። ፈጣን! በሠላሳ ስድስት ዓመት ሥራዬ ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ፈጣን በሆንኩበት ሰሞን ነው። ያጨበጨቡልኝ ለዚያ ነው።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ጡረተኛ ሲጽፍ ረጋ ብሎ ያለፈውን በፍቅር ያስታውሳል ይባላል፤ እኔ አልረጋሁም። በኃላፊው ተናድጃለሁ፣ በማኅተሙ ተናድጃለሁ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ ተናድጃለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ። ሌላው ሁሉ የሆነው ነው።

ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኝ ነበር። ሲስተር አይደለሁም። ለሰዉ ነጭ ጋዎን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት እንጂ እኔ የተማርኩት ፋርማሲ ነው፤ ሥራዬ ከመስኮት ጀርባ ቆሞ ሐኪም የጻፈውን መድኃኒት ቆጥሮ መስጠት ነው። ቆጥሮ መስጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሽንም ይሠራዋል። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ለገሰ ናቸው።

ጋሽ ለገሰ መጀመሪያ የተመደብኩበት ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ ሰው። ጠዋት ገብተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ከዚያ ኪኒን የምንቆጥርበትን ሳህን በአልኮል ወልውለው ብርሃን ላይ ያዩታል። ኪኒን በጣት ሲነካ ካዩ አለቀልን። «አንቺ! የሰው ምላስ ላይ የሚሄድ ነገር ነው!» ይላሉ። አምስት አምስት እያደረጉ በጠፍጣፋ ቢላ ይገፋሉ፣ ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ፣ ፖስታው ውስጥ ይጨምራሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገው ነው።

የእሳቸው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው በሽተኛውን ፊት ለፊት ያዩታል። «ገባዎት?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። እኔ አንድ ቀን ስጠይቅ ሰምተው ተቆጡኝ። «ገባዎት ብለሽ ጠይቀሽው ‹አልገባኝም› የሚል ሐበሻ የት አየሽ? ይሉኝታ ይገድለዋል እንጂ አልገባኝም አይልም። እንዲህ በይው፦ ቤት ሲደርሱ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። «ገባኝ» ያለው ሰው ሁሉ ለባለቤቱ የሚነግረውን ሲጠየቅ ተንተባተበ። ቅባቱን ሊውጠው የተዘጋጀ ነበር። የሁለት ሳምንቱን መድኃኒት ሲያመው ብቻ ሊወስደው ያሰበ ነበር።

ሁለተኛው ጠባያቸው ደግሞ ይህ ነው፤ ግድግዳቸው ላይ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አንዱ የኦርቶዶክስ አጽዋማትና በዓላት ያሉበት፣ ሌላው የእስላም ወሮች ያሉበት። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የስኳር በሽተኞቹን መዝገብ አውጥተው አንድ በአንድ ያያሉ። መድኃኒት ሊወስድ የመጣውን ሁሉ «ይጾማሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚጾም ከሆነ በስንት ሰዓት እንደሚገድፍ፣ ምን እንደሚበላ፣ የንስሐ አባቱን አማክሮ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ መልሰው ይልኩታል። ሐኪሞቹ ይሰለቹባቸው ነበር። «የስኳር ኪኒን ከሆድ ጋር ነው የሚጋባው፣ ከሰዓት ጋር አይደለም» ይሉን ነበር ጋሽ ለገሰ። ሰዓት ጽፈው ሰጥተው አያውቁም። ፖስታው ላይ ክብ ሳህን ይስሉና አጠገቡ ኪኒን ይስላሉ፤ ማንበብ የማይችልም ያነበዋል።

ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ከዚያ ሰሜን ሸዋ አንዲት ትንሽ ከተማ ተመድቤ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደመወዙ ትንሽ፣ ብርዱ ብዙ ነበር። ብቻዬን ስለሆንኩ ግን ጋሽ ለገሰን ሆኜ ሠራሁ። ቀን መቁጠሪያዎቹን ሰቀልኩ፣ ሳህን ሳልኩ። ቀሪውን ሃያ አራት ዓመት እዚሁ ጉለሌ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው የፈጀሁት።

ጉለሌ ደጉን ዘመን አይቼበታለሁ። ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ባለ ሱቅ ነበሩ፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን መድኃኒት ላይ ግትር። ረመዳን ሲገባ የጠዋቱን ኪኒን ጎሕ ሳይቀድ ውጠው ቀኑን ሊጾሙ ተነሥተው ነበር፤ «ያዘዘው ሐኪም ነው፣ አንዱን ትእዛዝ አክብሬ ሌላውን ልጥስ?» አሉኝ። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን መድኃኒታቸውን ከማፍጠሪያውና ከሌሊቱ ሱሑር ጋር አስማማንላቸው። ዒድ ሲሆን ሙሽበክ የሚባለውን ጣፋጭ በትሪ ይዘው መስኮቴ ላይ መጡ። «ለአንቺ ነው፣ እኔማ ከልክለሽኛል» አሉና ሄዱ። ያን ዕለት ጋሽ ለገሰ አጠገቤ ያሉ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አዲሱ ኃላፊ መጣ። አንቱ አልለውም፤ በዕድሜ ልጄ ነው፣ በሥራውም አንቱታ አላተረፈም። የመጣው ሰልፍ ሊያሳጥር ነው። ሰልፉ እውነት ረጅም ነበር፤ አልክድም። ግን ሰልፉ የረዘመው መስኮቱ አንድ ስለሆነ ነው። እሱ ሁለተኛ መስኮት በመክፈት ፋንታ አጠገቤ ወንበር ስቦ ሞባይሉን አውጥቶ ሰዓት ያዘብኝ። አንዲት እናት «ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሯታል?» ስላቸው ደቂቃ ሲቆጥር በዓይኔ አየሁት።

«ሲስተር አልማዝ፣ ይሄ ወሬ ነው» አለኝ።

«ሥራዬ ነው» አልኩት።

«ሥራሽ መስጠት ነው። ማስተማር የጤና ትምህርት ክፍል አለው።»

በሳምንቱ ማኅተም አስቀርጾ መጣ። ሐምራዊ ቀለም ያለው፣ የጤና ጣቢያው ስም ከላይ ያለበት፣ ከሥሩ «ጠዋት 1፡00 — ቀን 7፡00 — ማታ 1፡00» የሚል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ማንኛውም መድኃኒት ሲሆን ፖስታው ላይ ጧ ማድረግ ነው። ንባብ የለ፣ ሥዕል የለ፣ ጥያቄ የለ። ግድግዳዬ ላይ የነበሩትን ሁለት ቀን መቁጠሪያዎችም «ገጽታ ያበላሻሉ» ብሎ አስነሣቸው።

መታገል ነበረብኝ። አልታገልኩም። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብም ያስፈራ ነበር። ማኅተሙን አነሣሁ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ላይ ደስም ብሎኛል። ሰልፉ አጠረ። ምሳዬን በሰዓቱ በላሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፣ እኔ ያፈሰስኩትን ግን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነበር።

ጋሽ ታንጋ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ጥለት ሠሪ። ሽሮ ሜዳ ላይ ለሰርግ ጥሩ ቀሚስ የፈለገ ሰው እሳቸው ጋር ይላካል፤ ሥዕል ሳያዩ ክር እየቆጠሩ ብቻ ጥለት ያወጡ ነበር። ስኳር ከያዛቸው ጀምሮ የሚወስዱት ኪኒን ነበራቸው። ኋላ ኩላሊታቸው ስለደከመ ሆስፒታል የሚያያቸው ሐኪም ያንን አስቁሞ ሌላ አዘዘላቸው፤ ሬፓግሊናይድ የሚባል፣ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ለመያዝ የሚዋጥ ኪኒን። ፈጥኖ ይሠራል፣ ፈጥኖም ከሰውነት ይወጣል። ሊበሉ ሲሉ ከምግቡ ትንሽ ቀደም ብለው ይውጡታል። ካልበሉ አይዋጥም። ሕጉ ይህ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ምግብ ሳይመጣ ከተዋጠ የሚያወርደው ስኳር ያጣና ያለችውን ጥቂት ስኳር ከደም ውስጥ ጠራርጎ ያወርዳል። አእምሮ ደግሞ የሚኖረው በስኳር ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከሐኪሙ እኩል አውቅ ነበር።

ወደ መስኮቴ የመጡት በቅበላ ሳምንት ነው፤ ጾሙ ሰኞ ሊገባ ዓርብ ዕለት። ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። ማዘዣቸውን ተቀበልኩ፣ ቆጠርኩ፣ ማኅተሙን ጧ አደረግሁ።

«ሲስተር፣ ከመብላቴ በፊት ነው ወይስ ከበላሁ በኋላ?» አሉኝ።

«ከምግብ በፊት ነው። ሰዓቱ ፖስታው ላይ አለልዎት። ገባዎት?»

«ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ገባዎት አልኳቸው። ያቺን የተከለከለች ቃል። እሳቸው ደግሞ ገብቶኛል አሉ፤ ሌላ ምን ይላሉ? ከኋላቸው ያለው ሰው ወረቀቱን በትከሻቸው ላይ አሳልፎ ዘርግቶልኝ ነበር። ፖስታውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ሰልፉን ጥሳ መስኮቴ ላይ ቆመች። የጋሽ ታንጋ ባለቤት ናቸው፣ እትዬ አማረች። ያንን ፖስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ማኅተሙ ወደ እኔ ዞሯል።

«ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት ምንድን ነው? እርስዎ ይንገሩኝ» አሉ። ድምፃቸው አይጮኽም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ምን ሆኑ?»

«ሰኞ ጾም ያዘ። ጠዋት በአንድ ሰዓት ዋጠ፣ በሰባት ሰዓት ዋጠ። ‹መድኃኒት ጾም አያስገድፍም› ብሎ። ምግቡን እንደ ወጉ በዘጠኝ ሰዓት ይበላል። ላብ ላብ አለው፣ ጾሙ ነው አልን። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሸማው ላይ ሆኖ ረስቶት ነበር፤ እኔ ነኝ ‹ሰዓትህ ደርሷል› ብዬ ኪኒኑንና ውሃውን የሰጠሁት። ትንሽ ቆይቶ ሳየው ጥለቱን አበላሽቷል። ታንጋ ጥለት አያበላሽም፣ ሲስተር። ምነው ስለው ይስቃል። ዝም ብሎ ይስቃል። አንዱ በጾም ጠጥቶ ነው አለ፣ ሌላው ጠበል አምጡ አለ። እኔ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው ብዬ ስኳር በውሃ በጥብጬ ላጠጣው ስል፣ ‹የስኳር በሽተኛ ነው፣ ስኳር ልትሰጪው ነው? ልትገድይው ነው?› ተባልኩና ከእጄ ተነጠቅኩ። ከዚያ ወደቀ። መኪና እስኪገኝ፣ ሆስፒታል እስኪደርስ...»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አሁንስ?»

«ነቅቷል። ግሉኮስ በክንዱ ሰጥተውት ነቅቷል። ግን ስሜን ይጠይቀኛል።»

ኃላፊያችን ሰልፉ አለመንቀሳቀሱን አይቶ መጣ። ነገሩን በአጭሩ አስረዱት። ፖስታውን አንሥቶ አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እናቴ፣ ይሄ መድኃኒት ከምግብ በፊት ነው የሚወሰደው። በቃል ተነግሯቸዋል። ካልበሉ ለምን አስዋጧቸው?»

«ማኅተም አለበት እኮ፣ ልጄ» አሉ እትዬ አማረች። «ሰዓቱን መንግሥት የመታው ነው ብዬ።»

ይህን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረ። «እናቴ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ጾም መግባቱን እያወቅሁ ሳልጠይቃቸው የላክኋቸው እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ሰልፉ እያየኝ፣ ኃላፊው እያየኝ፣ እሳቸው በዓይናቸው እየለመኑኝ ዝም አልኩ። እትዬ አማረች አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው በመጡበት በር ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቅጽ አምጥቶ አስፈረመኝ። «ታካሚው በቃል የተሰጠውን መመሪያ ባለመከተሉ» ይላል። አነበብኩት፣ ፈረምኩ። የሙያ ፈቃዴን እንዳይነጥቁኝ፣ ጡረታዬ እንዳይበላሽብኝ ፈረምኩ። ልጆች አሉኝ ልል እችላለሁ፤ ጋሽ ታንጋም ልጆች አሏቸው። ማኅተሙንም አልጣሉትም። «ከምግብ በፊት» የሚል ሌላ ትንሽ ማኅተም ጨመሩልኝ፤ በቃ፣ መፍትሔው ይኸው ሆነ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓት ያለበትን ማኅተም አልነካሁም። ሳህን መሳል ጀመርኩ፣ ለእያንዳንዱ «ይጾማሉ?» ማለት ጀመርኩ። ሰልፉ ተመልሶ ረዘመ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፣ ኋላ ግን ሰልችቶት ተወኝ። በሽኝቴ ዕለት ፈጣን ብሎ ያነበበው ለሁሉም ጡረተኛ የሚያነበውን አንድ ወረቀት መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት።

ጋሽ ታንጋ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተመልሰው አልገቡም። ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ክር መቁጠር ግን ጠፋባቸው። ይህን የሰማሁት ከጎረቤታቸው ነው፤ ለመድኃኒት ስትመጣ ጠይቄአት። ሌላም ነገር ነገረችኝ። የበኩር ልጃቸው ተስፋዬ እናቱን ተቀይሟል። «አባቴን በእጇ ኪኒን አቅማ አሳበደችው» ይላል አለችኝ። እሑድ እሑድ እየመጣ አባቱን ያጥባል፣ ጢማቸውን ይላጫል፣ ከእናቱ ቤት ግን እህል አይቀምስም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ይህን ከሰማሁ በኋላ በየሳምንቱ ልሄድ እነሣለሁ። ታክሲው «ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ» ሲል አሳልፌው ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ደመወዜ እስኪቋረጥ፣ ፋይሌ እስኪዘጋ ድረስ አልሄድኩም። ይህንን ስጽፈው እፍረቱ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው እሑድ ሄድኩ።

ቤቱ ከጋቢና ነጠላ መደብሮቹ በስተኋላ፣ በቀጭን መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ነው። ጋሽ ታንጋ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ደኅና ዋልሽ» አሉኝ በጣም ደግ በሆነ ፊት። አላወቁኝም። እትዬ አማረች ግን ገና በሩ ላይ ስቆም አወቁኝ። ነጭ ጋዎን ባልለብስም አወቁኝ።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ቅበላ እንደነበር አውቅ እንደነበር፣ መጾማቸውን መጠየቅ ሥራዬ እንደነበር፣ አለመጠየቄን፣ ሰዓቱን የመታሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ቅጹን መፈረሜን። አንድም አላስቀረሁም። እሳቸው ወጥ እያማሰሉ ነበር። ማማሰያውን አላስቀመጡም።

«ጡረታሽ ወጣ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አሁን ማንም ምንም አያደርግሽም።»

«አያደርገኝም።»

«እሱን ጠብቀሽ ነው የመጣሽው።»

እውነት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት «እርስዎ» ያሉኝ ሴት አንቺ አሉኝ፤ ያም ተገቢ ነው።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «እኔ በዚህ ሦስት ዓመት ነገሩን ከራሴ ጋር ጨርሼዋለሁ። ተቀመጪ። ልጄ አሁን ይመጣል። ለእሱ ትነግሪዋለሽ፤ ያልሽኝን ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀሪ።»

ተቀመጥኩ። እሳቸው መሶቡን ከጥግ አምጥተው መሐል አደረጉት። ተስፋዬ የመላጫ ዕቃ በላስቲክ ይዞ ገባ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የተቆለፈ ሰው። ለእናቱ ሰላምታ አልሰጠም። «ይቺ ማን ናት?» አለ እኔን እያየ።

ነገርኩት። ለእናቱ ከነገርኩት ይልቅ ለእሱ መንገር ከበደኝ። ሲሰማ ላስቲኩን አላስቀመጠም። ስጨርስ ይጮኽብኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢያደርገውም ልክ ነበረ።

«እናቴ አይደለችም ማለት ነው?» አለ።

«አይደለችም። እሳቸው ያደረጉት የተጻፈውን ነው። የተጻፈው ነው ስሕተት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ተስፋዬ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ውጭ አባቱ ለመንገደኛ ሰላምታ ሲሰጡ ይሰማል። ወደ መሬት እያየ ተናገረ።

«ስኳሩን ከእጇ የነጠቅሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ቀጠለ።

«ውሃውን ደፋሁት። ልትገድይው ነው አልኳት፣ በሰው ፊት። ኋላ ሆስፒታል አንዱ ሐኪም ‹ስኳር ቢቀምስ ኖሮ እዚያው ይነቃ ነበር› ሲል ሰማሁት። ሰምቼ ወጣሁ። ያቺን ቀን ነው ከእሷ ጋር መብላት ያቆምኩት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እሷ ናት ብል ይቀለኛል ብዬ...»

እትዬ አማረችን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም። ያውቁ ነበር። ልጃቸው ጎረቤት ውስጥ ስማቸውን ሲያጠፋ፣ በራቸው ላይ ቆሞ ውሃ እንኳ አልቀምስም ሲል፣ አንዲት ቃል ተናግረው ዝም ሊያሰኙት ይችሉ ነበር። አልተናገሩም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። እሳቸው ሦስት ዓመት ሲልሱት ኖረዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ እውነት መናገር ፈርቼ እሳቸው የእኔንም የልጃቸውንም ጥፋት ተሸክመው ነበር።

«አውቃለሁ» አሉት። «ተነሥና እጅህን ታጠብ። አባትህንም አስገባው፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

«እማዬ፣ ማሪኝ።»

«ያኔውኑ ነው የማርኩህ። ታጠብ።»

ተነሣ። አባቱን በክንዳቸው ይዞ አስገባቸው። ውሃ አፈሰሰላቸው፣ ራሱም ታጠበ። እትዬ አማረች እንጀራውን ዘርግተው ወጡን አወጡ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለልጃቸው አጎረሱት፤ አፉ ሞልቶ ሲያለቅስ አየሁት።

እኔ ከመሶቡ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ። በአገራችን መሶብ ቀርቦ እንግዳ ዝም አይባልም፤ ጠላትም ቢሆን እንብላ ይባላል። እትዬ አማረች ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣም ምሕረትም አላየሁባቸውም።

«አንቺን ገና አልማርኩሽም» አሉኝ።

እንብላ አላሉኝም። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።